ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት ይመርመር፦ ስለ ጎንደር መንገዶች ዕድሜ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በጎንደር ከተማ መንገድ ለሚያሠሩ፣ ለሚሠሩና ለሚቆጣጠሩ ኃላፊዎች፤ እንዲሁም በከተማችን ምሕንድስና ለሚያስተምሩ መምህራንና ለተማሪዎቻቸው

ጉዳዩ፦ የተበላሸ አስፋልት ከመጠገኑ በፊት የብልሽቱ መንስኤ ተቆፍሮ እንዲታወቅ፣ በአዘዞ ጥቁር አፈር ላይም ለጥናት የሚሆን ቋሚ የሙከራ መንገድ እንዲሠራ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ በከተማችን የመንገድ ጥገና ይጀመራል። ገልባጭ መኪና ገረጋንቲ ይደፋል፣ ሠራተኞች በአካፋ ይደለድሉታል፣ ሬንጅ ይረጫል፣ ከላይም ትኩስ አስፋልት ይለብሳል፤ እኛም ነዋሪዎች «እሰይ» እንላለን። ነሐሴ ሲደርስ ግን ጉድጓዱ እዚያው ቦታ ላይ፣ አንዳንዴም የቀድሞ ቅርጹን እንደያዘ፣ ተመልሶ ይመጣል። በሰፈሬ መታጠፊያ ላይ ያለው ጉድጓድ በእኔ ቆጠራ አራት ጊዜ ተደፍኗል። ከመቆየቱ የተነሣ የፌርማታ ስም ሆኖ፣ የባጃጅ ተሳፋሪዎች «ኩሬው ጋ ወራጅ አለ» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። በአራቱም ጥገናዎች ወቅት ቆሜ አይቻለሁ፤ በአራቱም ጊዜ ከሥሩ ያለውን አፈር ለማየት አንዲት ዶማ ያነሣ ሰው አልነበረም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የማቴሪያል ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት፣ ያኔ በአጭሩ «አውራ ጎዳና» እንለው በነበረው የሥራ ዘርፍ፣ አፈር በወንፊት ስነፋ፣ ጠጠር ስመዝን፣ የተጠቀጠቀ ንጣፍ እየቆፈርኩ ጥግግቱን ስለካ ነው። መሐንዲስ ነኝ አልልም፤ መሐንዲሶች የሚያሰሉበትን ቁጥር ግን ሳመጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። የምጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መንገዳችን ለምን እንደሚበላሽ ከራሱ ከመንገዱ እንማር፣ የተማርነውንም እንመዝግብ።

ጎንደር የተቀመጠችበት መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። ፒያሳና የፋሲል ግቢ ያሉበት ከፍታ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተዘረጋ ድንጋያማ ጀርባ ሲሆን፣ ወደ አዘዞ ሲወረድ መሬቱ እየተንጣለለ ይሄድና ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ይጀምራል። ይህ አፈር ለሽምብራና ለጓያ የሚስማማውን ያህል ለመንገድ ጠላት ነው። በውስጡ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ስላለ፣ ውኃ በማዕድኑ ስስ ንብርብሮች መካከል ሲገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ እየተኮማተረ ይሰነጠቃል። በላቦራቶሪ ይህን ለማየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ አፈር ቁጥር በተጻፈበት የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ከውኃ ጋር ይጨመርና ለ24 ሰዓት ይቀመጣል፤ በነጋታው የአፈሩ ከፍታ 20 ሚሊ ሊትር ላይ ከደረሰ አፈሩ በእጥፍ አብጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን አፈር ያለ ሕክምና ከመንገድ በታች መተው አደጋ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ በሙያው ሰፈር ሲቢአር የሚባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት የተጀመረና ዛሬም እኛ የምንሠራበት ነው። አፈሩ በብረት ሲሊንደር ውስጥ ተጠቅጥቆ ለ4 ቀን ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም የብረት ዘንግ ሲጫነው የሚያሳየው መቋቋም ጥሩ የተፈጨ ድንጋይ ከሚያሳየው ጋር በመቶኛ ይነጻጸራል። ደረቅ ሳለ ዶማ የሚመልስ ጥቁር አፈር ከ4 ቀን መዘፍዘፍ በኋላ 2 ወይም 3 በመቶ ላይ ሲወርድ ማየት ለእኛ ለቴክኒሻኖች የተለመደ ነው። የአገራችን የመንገድ ዲዛይን መመሪያ አፈርን በጥንካሬው ስድስት ደረጃ ሲያወጣለት ይህ ከደካሞቹ ደረጃዎች ውስጥ ይወድቃል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ አፈርም መፍትሔ የሚሆኑትን፣ ማለትም ቆፍሮ ማውጣትና መተካትን፣ በኖራ ማከምን፣ እርጥበቱ እንዳይለዋወጥ መጠበቅን፣ መመሪያው ሳይጠቅሳቸው አላለፈም። እንግዲህ ዕውቀቱ በመጽሐፍ አለ። የጎደለው ከእነዚህ መፍትሔዎች የትኛው በአዘዞ አፈር፣ በእኛ ክረምትና በእኛ የጭነት መኪኖች ሥር፣ በስንት ዋጋ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ተለክቶ አለመታወቁ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ጎረቤቴ የቤት መሠረት ሲያስቆፍር ከወጣው ጥቁር አፈር ወስጄ ከልጅ ልጄ ጋር ሁለት የእንቁላል መጠን ያላቸው ድቡልቡሎች ሠራን። አንዱ አፈርና ውኃ ብቻ ነው፤ በሌላው ከ20 እጅ አንድ እጅ ያህል ኖራ አስገባንበት። በፌስታል ጠቅልለን አንድ ወር ካስቀመጥናቸው በኋላ ፀሐይ ላይ አደረቅናቸውና፣ ቡና በተፈላበት አንድ እሑድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨመርናቸው። ኖራ ያልገባበት ጠርዙ እየፈረፈረ፣ ትንንሽ አረፋ እያወጣ፣ አቦል ተጠጥቶ ሳያልቅ ከብርጭቆው ሥር ጭቃ ሆኖ ተዘረገፈ። ሌላው በረካ ተጠጥቶ ሲኒው ሲታጠብም እንደነበረ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ሳወጣው በጥፍሬ ብፍቀው እንኳ አልላላም። ይህ ጥናት ሊባል አይችልም። ሆኖም የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ «ታዲያ ለምን መንገዱ ውስጥ አይጨምሩትም?» ብላ ስትጠይቀኝ የሰጠኋት መልስ እኔንም አላረካኝም።

ኖራ በሸክላ አፈር ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ካልሲየሙ በሸክላው ገጽ ላይ ያሉትን እንደ ሶዲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች ተክቶ ስለሚገባ፣ አፈሩ ማጣበቁን ትቶ ፍርፍር ይሆናል፣ ለሮለርም ይመቻል። ከዚያ በኋላ፣ በቂ ኖራ ገብቶ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ወደ 12.4 ከደረሰ፣ ኖራው ከሸክላው ሲሊካና አሉሚና ጋር ለወራት እየተዋሐደ ይጠነክራል። (የፋሲል ግቢን ድንጋዮች ያያያዘውም ኖራ ነው፤ ነገር ግን ያኛው በዋናነት ከአየር የሚያገኘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ የጠነከረ ስለሆነ፣ «አባቶቻችን አድርገውታል» ብሎ መከራከር አይገባም፤ ሥራው ሌላ ነው።) ጥንቃቄም ይፈልጋል። ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ምንም አይጠቅምም፤ ከረጢቱ ተከፍቶ ለወራት የከረመ ኖራም ኃይሉን ያጣል፤ ትኩስ ኖራ ደግሞ የሠራተኛ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ለቀይ አሸዋማ አፈር ኖራ መጨመር ገንዘብ መበተን ነው። ስለዚህ ለየትኛው ቦታ ስንት በመቶ እንደሚበቃ በግምት ሳይሆን በምርመራ መወሰን አለበት።

ስለ መንገድ ውፍረትና ስለ መኪና ክብደት ዓለም የሚያውቀው ብዙው ነገር የተገኘው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ከተደረገ አንድ ትልቅ ሙከራ ነው። ለዚሁ ተብለው ከተሠሩ ስድስት ዙር መንገዶች በአምስቱ ላይ የወታደር ሾፌሮች የጫኑ መኪኖችን ለሁለት ዓመት ያህል ሲያመላልሱ ከርመው፣ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የአክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ) ምልልስ ተመዝግቧል። ከዚያ የወጣው ሕግ የአክስል ጭነት ሁለት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግምት 16 እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። በመለኪያነት የሚያዘው አክስል 8.16 ቶን ነው፤ 13 ቶን የተጫነበት አንድ አክስል በዚሁ ስሌት ከስድስት መደበኛ አክስሎች የበለጠ ይጎዳል። ወደ መተማ የሚወርደውንና ከዚያ የሚመጣውን ተሳቢ፣ ድንጋይና አሸዋ ጭኖ ከተማ ለከተማ የሚዞረውን ገልባጭ ያየ ሰው ይህን ስሌት ያለ ወረቀት ይረዳዋል። ባጃጅማ መንገድ አይጎዳም፤ መንገድ ነው ባጃጅን የሚጎዳው።

ነገር ግን ያ ሙከራ የተደረገው በአንድ ዓይነት አፈር፣ ክረምቱ በረዶ በሆነ አንድ ቦታ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ቀመሩን የሠሩት ሰዎች ለእኛ ዋልካ ኃላፊነት አልወሰዱም። አገራችን የራሷን ሙከራ አድርጋ አታውቅም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ተቋም ከኢትዮጵያ የመንገድ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አሽ ለመንገድ ንጣፍ እንዲሆን በእውነተኛ መንገድ ላይ የሙከራ ክፍሎች ሠርቶ ነበር፤ ደቃቅ አፈር ሲደባለቅበት ደህና ንጣፍ እንደሚወጣውም የታየው በዚሁ መንገድ ነው። ተሽከርካሪ ተመላልሶበት፣ ዝናብ ዘንቦበት፣ ተለክቶ የተገኘ ዕውቀት ስለሆነ ከብዙ ዓመት በኋላም ይሠራል። ለጥቁር አፈራችን የምመኘው እንዲህ ያለውን ነው።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከጎንደር ውጭ በነበረ አንድ ፕሮጀክት፣ ሰኔ ሊጋመስ ሲል የቤዝኮርስ (ከአስፋልቱ ሥር ያለው የጠጠር ንጣፍ) ጥግግት እንድለካ ተላክሁ። ማለፊያው በላቦራቶሪ ከተገኘው ጥግግት 98 በመቶ ነበር፤ ሦስት ቦታ ቆፍሬ፣ የጉድጓዱን ይዘት ለማወቅ አሸዋ ሞልቼ ሳሰላ ሁለቱ 93 ላይ ቀሩ። «ይረስርስና ይደገም» ብዬ ጻፍኩ። የውኃ ቦቴው ተበላሽቷል፣ ደመናውም ከብዷል፤ ማታ ላይ «ሌላ ቦታ ለካና አምጣ» ተባልኩ። ሌላ ቦታ ለካሁ፣ የተሻለ ቁጥር ተገኘ፣ ፈረምኩ። ከሁለት ክረምት በኋላ በዚያው ስፍራ ሳልፍ አስፋልቱ የአዞ ቆዳ መስሎ ተሰነጣጥቆ፣ መኪና ሲረግጠው ከስንጥቁ ቡናማ ውኃ ይተፋ ነበር። ያን ጊዜ ማንም መጥቶ «በዚህ ቦታ ላይ ምን ተመዝግቦ ነበር?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠየቅ ኖሮ ወረቀቱ ይገኝ ነበር፤ እኔም አፍር ነበር፤ ቀጣዩ ፕሮጀክት ግን ይማርበት ነበር።

ወደ ውኃው ልመለስ፤ አፈሩን የሚያነሣሣው እሱ ነውና። በጥቁር አፈር ላይ የተሠራ አስፋልት መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ከመሐል ሳይሆን ከጠርዙ አካባቢ፣ መንገዱን ተከትሎ በረጅሙ ነው። ምክንያቱም በአስፋልቱ መሐል ሥር ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ የጠርዙ ግን ግንቦት ላይ ደርቆ ይወርዳል፣ መስከረም ላይ ጠጥቶ ይነሣል። በዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ እርጥበቱን ስለሚመጥ መውረዱ ይብሳል። ስለዚህ የመንገዱ ትከሻ (ከአስፋልቱ ጠርዝ ውጭ ያለው ዳር) እንደ መሐሉ ውኃ በማያሳልፍ ነገር ቢለብስ፣ የእርጥበቱ ለውጥ ከመኪና ጎማ ሥር ወደ ውጭ ይገፋል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ግን ትከሻው ወጪ ለመቀነስ ሲባል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ስለ ቦዩም ማለት ያለብኝን በአጭሩ ልበል፤ አስፋልቱ ከመሐል ወደ ዳር 2.5 በመቶ ተዳፋት ቢኖረውም ቦዩ በሃይላንድ ፕላስቲክና በአፈር ከተሞላ፣ ውኃው ሄዶ የሚተኛው ከንጣፉ ሥር ነው። ይህ የእኛም የነዋሪዎች ጥፋት ነው።

ስለ አስፋልቱ ራሱ ብዙ አልጽፍም። ከተጠቀጠቀ በኋላ በውስጡ የሚቀረው አየር ከ8 በመቶ ገደማ ካለፈ ውኃ ያሳልፋል፤ ሙቀቱ ሳይበርድ መጠቅጠቅ ያለበትም ለዚህ ነው። ከርቀት በመኪና ተጭኖ መጥቶ፣ በአካፋ ሲበተን የቀዘቀዘ አስፋልት ምንም ያህል ሮለር ቢመላለስበት በደንብ አይጠቀጠቅም። ለድብልቁ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን ኖራ ቢጨመር ሬንጁ ከድንጋዩ ጋር ያለው ትስስር በውኃ እንዳይላቀቅ ያግዛል። በሕንድ አገር የተቆራረጠ ፕላስቲክ ከአስፋልት ጋር እየተደባለቀ መንገድ ይሠራል፤ ይህን የሰሙ ወጣቶች እዚህም እንሞክረው ይሉኛል። ይሞከር፤ ነገር ግን ከላይ ያለው 5 ሴንቲ ሜትር ምንም ቢጠነክር ሥሩ ያለው ዋልካ ሲያብጥ አብሮ ይነሣል። የኮብልስቶን መንገዶቻችን እንኳ በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ ሲሰምጡ ድንጋዩ ይነሣል፣ ሥሩ ይስተካከላል፣ ያው ድንጋይ ይመለሳል። ለውኃ ቧንቧ ተብሎ የሚቆረጥ አስፋልት ግን ጉድጓዱ በስስ በስሱ እየተጠቀጠቀ ካልተሞላ፣ ቁስሉ ሳይሽር ይኖራል።

የምጠይቀው የሙከራ መንገድ እንዲህ ያለ ነው። በአዘዞ አቅጣጫ፣ ከባድ መኪና በሚያልፍበትና አፈሩ ጥቁር በሆነ ቦታ፣ እንደገና ሊሠራ ከታሰበ መንገድ ላይ 250 ሜትር ይመረጥና እያንዳንዱ 50 ሜትር በሆነ አምስት ክፍል ይሠራ። የመጀመሪያው ዛሬ በተለመደው አሠራር፤ ሁለተኛው ጥቁሩ አፈር 60 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ በገረጋንቲ ተተክቶ፤ ሦስተኛው የላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር በኖራ ታክሞ፤ አራተኛው እንደ መጀመሪያው ሆኖ ትከሻው ብቻ ታሽጎና ቦዩ ጠልቆ፤ አምስተኛው ኖራውም ትከሻውም ተደርጎለት። ከላይ ያለው ንጣፍና አስፋልት በሁሉም አንድ ዓይነት፣ የሚሠራውም አንድ ተቋራጭ ይሁን፤ አለዚያ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ዋጋው ያስፈራል እንዳይባል ሒሳቡን ልሥራው። 1 ካሬ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሲታሰብ ወደ 195 ኪሎ ደረቅ አፈር ይሆናል፤ 5 በመቶ ኖራ ማለት ወደ 10 ኪሎ ነው። 7 ሜትር ስፋት ያለው 50 ሜትር መንገድ 350 ካሬ ሜትር ስለሆነ 3.5 ቶን ያህል ይበቃዋል፤ ለሁለቱ የኖራ ክፍሎች 7 ቶን፣ አንድ መኪና ጭነት። በአንጻሩ ለሁለተኛው ክፍል 210 ሜትር ኩብ አፈር ማውጣት ያስፈልጋል፤ 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገልባጭ ለማውጣት ብቻ ከ14 ጊዜ ያላነሰ ይመላለሳል፣ ለመመለስም ከዚያ የማያንስ። የትኛው እንደሚረክስ መኪናው ሲቆጠር ይታያል፤ የትኛው እንደሚቆይ ግን ከአምስት ክረምት በፊት ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይነግራችሁም።

መለካቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፦ አፈሩ በሚደርቅበት በግንቦት መጨረሻ፣ በሚጠግብበት በመስከረም። ከፍታው የሚለካበት መነሻ ምልክት በጠንካራ ድንጋይ ላይ ይተከል፤ በዋልካ ላይ የተተከለ ምልክት ራሱ ከመንገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ዓመት ሙሉ የተለካውን ሁሉ ከንቱ ሲያደርግ አይቻለሁ። የጎማው መስመር ምን ያህል እንደሰመጠ በ2 ሜትር ቀጥ ያለ ብረት ይለካል። ስንጥቆቹ በየዓመቱ በተለያየ ቀለም ይቀቡ፤ በሦስተኛው ዓመት መንገዱ ራሱ ታሪኩን ያሳያል። የሥሩን ጥንካሬ ለማወቅ 8 ኪሎ መዶሻ ከ575 ሚሊ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ሹል ብረት ወደ ታች የሚነዳበት መሣሪያ አለ፤ ሁለት ሰው ይዞት ይዞራል፣ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ድረስ የእያንዳንዱን ንጣፍ ጥንካሬ ይናገራል። ከዚህ ጋር የሚያልፉት መኪኖች ቢቆጠሩና ጥቂቶቹ ቢመዘኑ ጥናቱ የተሟላ ይሆናል።

ለመምህራኑ የምለው አለኝ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር አፈርን በኖራ፣ በጤፍ ገለባ አመድ፣ በቡና ገለፈት አመድና በሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት አመድ ስለማሻሻል በየጊዜው የመመረቂያ ጥናት ይሠራል። ተማሪው አፈሩን በከረጢት ያመጣል፣ ለጥቂት ቀናት ያቆየዋል፣ ይሰብረዋል፣ ይመረቃል። አፈሩ ግን በመንገድ ላይ ለጥቂት ቀናት ሳይሆን ለዓመታት ይኖራል። አንድ የሙከራ መንገድ ቢኖር የዘንድሮው ተማሪ ያምናው ተማሪ የተወውን ልኬት ይቀጥላል፤ አምስተኛው ተማሪ በእጁ አምስት ዓመት ይኖረዋል።

የሙከራው መንገድ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ ከዚህ ጥቅምት ጀምሮ ሊደረግ የሚችል አለ። ማንኛውም ጉድጓድ ከመደፈኑ በፊት አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ይቆፈርና የአስፋልቱ ውፍረት፣ የቤዙና የሰብቤዙ (ከቤዙ በታች ያለው ንጣፍ) ሁኔታ፣ የአፈሩ ዓይነትና እርጥበት፣ የቦዩ ርቀት በአንድ ገጽ ካርድ ላይ ይመዝገብ፤ ፎቶ ይነሣ፤ ካርዱም ለሚጠይቅ ሁሉ ይታይ። ሥራውን የሚያዘገየው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዐዋጅ የተቋቋመ የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ በሚሰበሰብ ገንዘብ ለጥገና ይከፍላል፤ ነዳጅ የገዛ ሁሉ ገንዘቡ አራት ጊዜ ለአንድ ጉድጓድ መዋሉን የማወቅ መብት አለው።

ለዚህ ሥራ ክፍያ አልፈልግም። በሥራ ዘመኔ የጻፍኳቸው የመስክ ደብተሮች ቤቴ አሉ፤ አንዳንዱን አይጥ ቢበላውም የቀረው ይነበባል፣ መጥቶ ለሚያይ ክፍት ነው። የካርዱንም ናሙና አዘጋጅቻለሁ። ኩሬው ለአምስተኛ ጊዜ ሊደፈን በዚህ ሳምንት ጠጠር ዳር ላይ ተደፍቷል፤ ሠራተኞቹ ሲመጡ ዶማና የልኬት ሜትር ይዤ ቦታው ላይ እገኛለሁ፤ የምጠይቀው ግማሽ ሰዓቱን እንዲሰጡኝ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የማቴሪያል ላቦራቶሪ ቴክኒሻን
አዘዞ፣ ጎንደር፤ ጥቅምት